ለቆመችው ፊያት 1100 ዲ፦ ዕቃ በስም ሳይሆን በልክ ሲፈለግ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው ግቢያችን የአያቴ ፊያት 1100 ዲ አለች። የ1964 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ናት። ከሃያ ዓመት በላይ ከከብቶች በረት ጎን ቆማለች፤ ሞተሯ አይዞርም። መርካቶን ባካልል ‹የዚህ ዕቃ ቀርቷል› ከማለት በቀር የረዳኝ የለም። አንድ ጋራዥ ደግሞ ሞተሩንና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አውጥተን የኮሮላ እንግጠምበት ይለኛል። ከየት ልጀምር? ዕቃስ ይገኛል ወይ?»

ወንድም ዓለም፣ ዕቃው ይገኛል። አብዛኛው ግን በመኪናዋ ስም አይገኝም። ሶማሌ ተራ ገብተህ «የፊያት 1100 ኩሽኔታ» (ዘንግ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ብትል ባለሱቁ ራሱን ይነቀንቃል። ከመኪናህ የወጣውን ኩሽኔታ በናፍጣ አጥበህ፣ ጠርዙ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብበህ፣ ለምሳሌ «6204» ብትለው ግን ያው ሰው ዞር ብሎ ከመደርደሪያው ያወርድልሃል። 6204 ማለት ውስጡ 20፣ ውጪው 47፣ ስፋቱ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩሽኔታ ነው። ጣልያን ይሥራው ቻይና፣ ለመኪና ይሁን ለወፍጮ፣ ልኩ አንድ ነው። ስለዚህ ከመፍቻ በፊት የምትገዛው መሣሪያ ጥሩ ካሊፐር (ውፍረትና ስፋት በትክክል የሚለካ መለኪያ) ነው። ከሱ ጋር ደብተር ያዝ፤ ከመኪናዋ ለሚወጣው እያንዳንዱ ዕቃ ፎቶ፣ ልክ፣ ቁጥርና የወጣበት ቦታ ይጻፍለት። «አስታውሰዋለሁ» ብሎ የፈታ ሰው ከስድስት ወር በኋላ አንድ ጆንያ ብሎን ይዞ ይቀራል።

ስለ ኮሮላው ሞተር አስቀድሜ ልናገር፤ እሱ ከተወሰነ ሌላው ሁሉ ይለወጣልና። አታድርገው። ይህች መኪና እንደ ጭነት መኪና ለብቻው ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ሻንሲዋ ነው። የሌላ ሞተር መቀመጫ ለመበየድ ስትነሣ የምትበይደው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው፣ ስድሳ ዓመት በቆየ ላሜራ ላይ ነው። ካምቢዮው ሲቀየር ወለሉ ይቆረጣል፣ ካርዳኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ) ይቀጠላል ወይ ይታጠራል፣ ከመሪው ሥር የነበረው የማርሽ ዘንግ ይጣላል። ፍሬኗ ደግሞ በአራቱም ጎማ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚጫነው የብረት ከበሮ) ሆኖ የተሠራው 50 ገደማ ፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር ነው። ከዚያ ሊብሬው አለ፦ የሞተር ቁጥሩ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ቁጥሩ ሳይገጥም ቦሎ ልታሳድስ ስትሄድ የሚገጥምህን ጣጣ ታውቀዋለህ። ሞተር መቀየር የሚያስገድደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ ገላ) ከተሰነጠቀ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የደብረ ብርሃን ውርጭ ውሃ በብሎኩ ውስጥ ቀርቶ ከነበረ ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። በብሎኩ ጎን ያሉት ክብ ታፖዎች (መድፈኛዎች) ወደ ውጭ ተገፍተው እንደሆነ ተመልከት፤ በመካከላቸው የፀጉር ያህል ቀጭን የዝገት መስመር ፈልግ። ከሌለ ሞተርህ ይድናል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሊብሬው በማን ስም እንዳለ፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር መግጠሙን አረጋግጥ። ቁጥሮቹን በካርቦን ወይም በእርሳስ ወረቀት ላይ አንሣቸው፤ ቦዲ ሠራተኛው በመፍጫ እንዳይነካቸውም ምልክት አድርግባቸው።

ቀጥሎ መኪናዋ በእርግጥ ዲ መሆኗን እወቅ፤ ሰው 1100ን ሁሉ «ሚሌቼንቶ» ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል። ዲ ከ1962 እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) የተሠራችው ናት፦ ማርሹ ከመሪው ሥር፣ ፍሬኑ አራቱም ታምቡር፣ ሞተሩ 1221 ሲሲ። ከሷ በኋላ የመጣችው 1100 አር ማርሿ ወለል ላይ ነው፣ የፊት ፍሬኗ ዲስክ ነው፣ ሞተሯም 1089 ሲሲ ነው። የሲሲው ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው።

ለምን እንደሆነ እነሆ። የዚህች መኪና ትልቁ የዕቃ ምንጭ ጣልያን አይደለም፣ ህንድ ነው። ፕሪሚየር የተባለው የቦምቤይ ፋብሪካ 1100 ዲን በፊያት ፈቃድ ማምረት ጀምሮ፣ በኋላም ፓድሚኒ ብሎ ሰይሞ እስከ 2000 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ሠርቷታል። የሙምባይ ጥቁርና ቢጫ ታክሲ ለዘመናት እሷ ነበረች፤ የመጨረሻዎቹ ከመንገድ የወጡት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ ሰው በማያስብበት አገር የአያትህ መኪና ኪንግ ፒን (የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ፒን)፣ የፍሬን ዕቃ፣ የበር ላስቲክ፣ የፊት መስታወት፣ የካምቢዮ ጥርስ እስካሁን ከሱቅ ይገዛል። ስትጠይቅ «ፊያት» አትበል፤ «ፕሪሚየር ፓድሚኒ» በል።

ግን የህንዱ ሞተር 1089 ሲሲ ነው። ያንተም ሆነ የህንዱ ፒስቶን የሚሄደው 75 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት ግን ያንተ 72፣ የህንዱ 68 ነው። የህንዱን ፒስቶን ብትገዛ በሲሊንደርህ ውስጥ ይንቀጫቀጫል፤ ይህን ሻጩም ሳይነግርህ ታየዋለህ። አደገኛው የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ነው፤ በቴስታታው (በሞተሩ የላይ ክፍል) እና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ሊገጥሙልህ ይችላሉ፣ ልብህም ይረካል። የ68ቱ ቀለበት ግን ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ወደ ሲሊንደርህ ውስጥ ይገባል። ያ ጠርዝ በእሳቱ ይግላል፤ ቤንዚኑ ካንዴላው (እሳት ሰጪው) ሳይተኩስ ይቀጣጠላል፤ ከዚያም ጠርዙ ተቃጥሎ ውሃና ዘይት ይደባለቃል። ጓርኒሲዮን በእጅህ ሲገባ ብሎኩ ላይ አስቀምጠው፣ በቀዳዳው ተመልከት፤ የሲሊንደሩ ጠርዝ ዙሪያውን ሁሉ ካልታየህ መልሰው። ለፒስቶን፣ ለፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) እና ለጓርኒሲዮን ጣልያን አገር ለአሮጌ ፊያት ብቻ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ሂድ፤ 1200 ግራንሉቼ የተባለችው ፊያትም ይኸው 1221 ሲሲ ሞተር ስለነበራት በሷ ስም ጭምር ጠይቅ።

ከህንድ የማይሆኑህ ሌሎችም አሉ። እዚያ መሪ በቀኝ ነው፤ የመሪ ሳጥኑ፣ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ)፣ የዝናብ መጥረጊያው ዘንግ አይገጥምህም። የፊት መብራት መስታወቱ ይገጥማል፤ ግን ዝቅ ሲል ብርሃኑን የሚያዘነብለው ወደ ግራ ነው። በኛ መንገድ በቀኝ ስትነዳ ከፊትህ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ታጠፋበታለህ፤ በጉም ውስጥ በጣርማበር ይህ ቀልድ አይደለም። ዕቃውን ማን ያምጣልህ ካልክ፣ ወደ ህንድ ለሕክምና ወይም ለንግድ የሚሄድ ዘመድ አይጠፋም። ለሱ ስም ብቻ አትስጠው፤ ዕቃው ከማስመሪያ ጎን ተነሥቶ የታተመ ፎቶና ልኩን አስይዘው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ለዕቃ ብሎ አንድ ሙሉ ፓድሚኒ ማስመጣት የሚለውን ሐሳብ ተወው።

የልክ ነገር እዚህ ላይ ትንሽ ያቆየን። ኩሽኔታ በቁጥሩ ይገዛል። ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ ዘንጉን የሚያቅፈው ላስቲክ) በሦስት ልክ ነው፦ የዘንጉ ውፍረት፣ የጎጆው (የሚቀመጥበት ቀዳዳ) ስፋት፣ የሲሉ ውፍረት። የውስጡን ልክ ከአሮጌው ሲል አትውሰድ፤ ከንፈሩ ተበልቶ ሰፍቷልና። ዘንጉን ለካ። ዘንጉ ላይ ጥፍርህ የሚይዘው ቦይ ካለ አዲስ ሲል ብታስገባም ያፈስሳል፤ ወይ ሲሉን ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ አድርገህ ከንፈሩን ባልተበላ ቦታ አሳርፈው፣ ወይ ዘንጉን ቶርኖ (የብረት መላጊያ ማሽን) ቤት ወስደህ ቀጭን ቀለበት አስለብሰው። የፍሬን ጎሚኒ (በሲሊንደሩ ውስጥ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) የሚገዛው በሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት ነው። ብዙ ጊዜ ልኩ በኢንች ነው የሚወጣው፦ 19.05 ሚሊ ሜትር ካነበብክ ሦስት አራተኛ ኢንች ነው፣ 22.2 ሰባት ስምንተኛ፣ 25.4 አንድ ኢንች። «19 እና 20 ምን ልዩነት አለው» የሚል ባለሱቅ ካጋጠመህ ሰላም ብለኸው ውጣ፤ በአንድ ሚሊ ሜትር የሰፋ ጎሚኒ ተጣብቆ ጎማ ይይዛል፣ የጠበበው ያፈስሳል። ብሎንም እንዲሁ፦ ውፍረቱን ብቻ ሳይሆን የጥርሱን ርቀት በጥርስ መለኪያ እይ። 10 በ1.25 እና 10 በ1.5 በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙር ይግባባሉ፤ በሦስተኛው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዘው ይወጣሉ።

እዚሁ የሚሠራ ብዙ አለ። ጥሩ ቶርኖ ያለው ባለሙያ የኪንግ ፒን ቡሽ፣ የውሃ ፓምፕ ዘንግ፣ የባሌስትራ ፒን ያወጣልሃል። የዘይት ገበታና የውሃ ፓምፕ ጓርኒሲዮን ከወረቀት ወይም ከቡሽ በእጅ ይቆረጣል፤ ወረቀቱን አፉ ላይ አድርገህ ጠርዙን በክብ መዶሻ ቀስ ብለህ ስትመታው ራሱ ይቆረጣል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ (የሚፋተገው ልባስ) እንደ አዲስ ይመታል። ከአሮጌ ጎማ የሚቆረጠውን ላስቲክ ግን ለማርሚታ (የጭስ ማፈኛ) ማንጠልጠያ እንጂ ለፊት እግር ቡሽ አትቀበል፤ በውስጡ ክር አለው፣ ጠንካራም ስለሆነ ድንጋጤውን ሁሉ ወደ ቦዲው ያስተላልፋል፤ ያረጀውም ላሜራ ከብየዳው ላይ ይቀደዳል።

አሁን ወደተጣበቀው ሞተር። መጀመሪያ የማይደረገውን ልንገርህ፦ በሌላ መኪና አስጎትተህ በማርሽ ለማስነሣት አትሞክር። ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተያይዟል፤ በጉልበት ሲላቀቅ ፋሻው ይሰበራል፣ የፒስቶኑ ጠርዝ ይፈነከታል፣ ክፍት ሆኖ የደረቀ ቫልቭም ዘንጉን ያጣምማል። ይልቅ አራቱን ካንዴላ አውጣ፤ በየቀዳዳው ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል የተቀላቀለበት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምር። በሁለት በሁለት ቀን እየጨመርክ ለአሥር ቀን ተወው። እስከዚያ የቫልቭ ክዳኑን ክፈትና እያንዳንዱን ቫልቭ ከላይ በፕላስቲክ መዶሻ ቶክ አድርገው፤ ወርዶ ፈጥኖ ካልተመለሰ ግንዱ ላይ ያንኑ ቅልቅል አድርግበት። ከአሥር ቀን በኋላ በክራንኩ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊ ዳዶ ላይ ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ አግባና ወደ አንድ ወገን አትግፋ፤ ወዲህና ወዲያ አወዛውዘው። መጀመሪያ ሁለት ዲግሪ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሩብ ዙር። የሚቆምበትን አታስገድደው፤ መልሰህ ዘይት አጠጣውና ነገ ና። ሙሉ ዙር ከዞረ በኋላም ቁልፍ አትሻ። የዘይት ገበታውን አውርድ፤ ሃያ ዓመት የተኛው ዝቃጭ ፓምፑን ከደፈነ ብሮንዚኑ (የክራንኩ ማረፊያ) በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

በዚህ መንገድ የተፈታ ሞተር አንዳንዴ ፋሻ ብቻ ተለውጦለት ይሠራል፣ አንዳንዴ ሲሊንደሩ በዝገት ተቦርቡሮ ማስፋት ይፈልጋል። ቴስታታው ሲወርድ ታየዋለህ። አሉሚኒየም ስለሆነ በካቻቢቴ እየፈለቀቅህ አታንሣው፤ የገባበት ጭረት ጋዝ ያሾልካል። ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ለካ፤ ልዩነቱ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይሰፋ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፦ ፒስቶኑ እጅህ ሳይገባ ሲሊንደሩን አታስሰፋ። ማሽን ሾፑ «0.4 አድርጌልሃለሁ፣ ፒስቶን ፈልግ» ካለህና ያለው ፒስቶን 0.6 ብቻ ከሆነ ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ፤ 0.8 ሆኖ ከወጣና ገበያ ላይ 0.6 ከሆነ ደግሞ ብሎኩን አበላሽተሃል። ፒስቶኑ ይምጣ፣ ይለካ፣ ሲሊንደሩ በፒስቶኑ ልክ ይሰፋ።

የበረቱ ነገር ብዙ መካኒክ የማያነሣው ስለሆነ ለብቻው ልበልበት። የከብት ሽንት ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል፤ አሞኒያ ደግሞ የነሐስ ጠላት ነው። ዝገት ሳይታይበት ውስጥ ለውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ የራዲያተሩ የላይና የታች ጋን፣ የካርቡሬተር ጂግለር (ቤንዚን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ብሎን)፣ የቤንዚንና የፍሬን ቱቦ ዳዶዎች ደህና መስለው ሊታዩህ ይችላሉ፤ መፍቻ ስታሳርፍባቸው ግን እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈነከታሉ። የፍሬኑን መስመር ዳዶ ሁሉ ሳትጠይቅ ለውጥ። ራዲያተሩን አፎቹን ደፍነህ፣ በበርሜል ውሃ ውስጥ ነክረህ፣ ግማሽ ባር አየር ስጠው፤ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ምልክት አድርግ። ከስፌቱ ከሆነ ይበየዳል፤ ከጋኑ ገላ ላይ ከሆነ ጋኑ ይቀየር።

ለዛጉ የብረት ዕቃዎች ርካሹ መድኃኒት ደግሞ እዚያው ሰፈርህ አለ፦ ለከብት መኖ የሚሸጠው ሞላሰስ። አንድ እጅ ሞላሰስ ለዘጠኝ እጅ ውሃ በፕላስቲክ በርሜል በጥብጠህ ታምቡሩን፣ ብሎኖቹን፣ የበር ማጠፊያውን ንከር። ብረቱን ሳይበላ ዝገቱን ብቻ ያነሣል። በሞቃት አገር ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ግን አንድ ወር ጠብቀው። ሸዋ ሮቢት ዘመድ ካለህ በርሜሉን እዚያ ብትልከው ይሻላል፤ ሽታውም ለነሱ ይቅር። አሉሚኒየም ግን እንዳትነክርበት፤ ቴስታታ፣ ካርቡሬተርና የቤንዚን ፓምፕ ይበላቸዋል።

ፍሬን ከሞተር በፊት ያልቅ። የመኪናዋ ፍሬን ማስተር (በፔዳሉ የሚገፋው ዋና ፓምፕ) አንድ መስመር ነው፤ አንዱ ጎማ ላይ ቱቦ ከፈነዳ የአራቱም ፍሬን ይጠፋል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ላይ ያለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ላስቲክ ቱቦዎቹን ሁሉ ጣል፤ ከውጭ ደህና ቢመስሉም ከውስጥ አብጠው ዘይቱን ያሳልፋሉ እንጂ አይመልሱም። የብረት ቱቦውን በተራ መዳብ አትተካ፤ በንዝረት ይደርቅና አፉ ላይ ይሰነጠቃል። ለፍሬን የተሠራ የብረት ወይም የመዳብና ኒኬል ቅይጥ ቱቦ ይሁን። ማስተሩና ዊል ሲሊንደሮቹ (በየጎማው ሸራውን የሚገፉት) ውስጣቸው ከተቦረቦረ በአሸዋ ወረቀት ብትወለውለው ስፋቱ ይቀየራልና አዲሱ ጎሚኒ ወር ሳይሞላው ያፈስሳል። ትክክለኛው መንገድ ማስለበስ ነው፦ ቶርኖ ላይ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር አስፍተህ የማይዝግ ብረት ቱቦ ታስገባለህ፣ ከዚያ ወደ ቀድሞ ልኩ ታስለሰልሰዋለህ፤ ፒስቶኗ በ0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት በነፃ ትንሸራተት። ነሐስም ይለበሳል፤ መኪናዋ ከበረት ጎን የምትቀጥል ከሆነ ግን ከላይ ያልኩህን አስታውስ። የቀድሞዋን የዘይት ቀዳዳ፣ በተለይ ማስተሩ ላይ ያለችውን እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበች መመለሻ፣ ባለ ቶርኖው መልሶ መብሳቱን በሽቦ ፈትሽ። እሷ ከተደፈነች ፍሬኑ ይይዛል፣ አይለቅም።

ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይታጠብም፤ ያብጣል። በአልኮል ወይም በራሱ በፍሬን ዘይት እጠበው። ዘይቱ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሁን፤ አዲስ ዶት 3 የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ይደርሳል። ዶት 4 ላይ እነዚህ ልኮች 230 እና 155 ናቸው። ለቁልቁለት አገር ዶት 4 ግዛ፣ በየሁለት ዓመቱም አስለውጥ።

ቦዲውን ባጭሩ። ሸክም የሚሸከመው በበሮቹ ሥር ያለው ደፍ፣ ወለሉና የፊት እግር የታሰረበት ስለሆነ ከፓራፋንጎ (የጎማ መከለያ) ውበት በፊት እዚያ ላይ ካቻቢቴ ሰክተህ ፈትሽ፤ ማግኔት የማይዝበት ቦታ በስቱኮ ተሸፍኗል ማለት ነው። ደፉን ከመቁረጥህ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ በብረት ዘንግ ወጥረህ በይደው፣ አለበለዚያ መኪናዋ መካከሏ ይረግብና በሩ ዳግመኛ አይዘጋም። ለመለጠፊያ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ግዛ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ አይሆንም፤ ውፍረቱ ሢሶ እንኳ አይሞላም፣ ሲበየድ የሚያጨሰው ዚንክም ያሳምማል። ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፣ እየተዘዋወሩ፣ እያቀዘቀዙ ነው የሚበየደው። የቤንዚን ጋኑ አስቀድሞ ወርዶ ከግቢ ይውጣ። ጋኑን ራሱን ታጥቧል ብሎ ለበያጅ መስጠት ሰው ገድሏል።

መብራቱ 12 ቮልት ነው፤ አሮጌውን ባለ ጨርቅ ሽቦ አይጥ ካልበላው እንኳ ለውጠው። ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) የላዳ ይሆንሃል፤ ግን በኦም መለኪያ ለካው። ለፑንቲና (የኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚቆራርጠው) የሚሆነው 3 ኦም ገደማ ያሳያል። ከ1 ኦም በታች ካሳየ የኤሌክትሮኒክ ዓይነቱ ነው፤ ፑንቲናህን በአንድ ቀን ያቃጥለዋል። የፑንቲናው ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ «ጥቁር ያጨሳል፣ ጉልበት የለውም» ብለህ እንዳትደነግጥ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ 50 የነበረው ጉልበትም 38 አካባቢ ይሆናል። ያንን የሚመልስ ማስተካከያ የለም። ጭሱ ግን ይስተካከላል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ 15 በመቶ ያህል ያበዛል። የዋናው ጂግለር ቀዳዳ በስፋቱ 7 በመቶ ቢጠብ ይመጣጠናል፦ 120 የተጻፈበት ከሆነ 112 ማለት ነው። ነገር ግን ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ 1,280 ሜትር፣ የምትወርድ ከሆነ ያ ጂግለር እዚያ ያሳንስብሃል፤ ያነሰው ቤንዚን ደግሞ ቫልቭ ያቃጥላል። 115 ለሁለቱም ይሆናል። አሮጌውን በቆርቆሮ ደፍነህ እንደገና አትብሳው፤ ለብቻው አስቀምጠውና ሌላ ግዛ። የእሳቱን ሰዓት ሁለት ዲግሪ ማስቀደምም በዚህ ከፍታ ይጠቅማል።

ውሃ እዚህ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ሞላው (ስፕሪንጉ) ከደከመ ጤነኛ ሞተር እንኳ ዳገት ላይ ይፈላል፤ ቴስታታ ከመውቀስህ በፊት ክዳኑን ለውጥ፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ተከተል። አንድ ሦስተኛ ፀረ ውርጭ ጨምርበት። ከሮቢት ወደ ጣርማበር ስትወጣ መኪናዋ እየተንተፋተፈች ብትጠፋብህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤንዚን ማጣት አይደለም። ሞተሩ ግሏል፣ ከፍታው ጨምሯል፣ ቤንዚኑ በፓምፑ ውስጥ ተኗል። ኮፋኖውን ክፈት፣ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል፣ ሩብ ሰዓት ጠብቅ። ለዘለቄታው በፓምፑና በብሎኩ መካከል ያለው ወፍራም ማገጃ መኖሩን አረጋግጥ፤ ፓምፑን የፈታ ሰው ብዙ ጊዜ ይጥለዋል። ማገጃውን ስታወፍር ወይም ስታሳሳ የፓምፑ ዘንግ ግፊትም እንደሚለወጥ አትርሳ፤ የነበረውን ውፍረት ለካና ያንኑ መልስ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ጣርማበር አታድርገው። በሜዳው ወደ ጫጫ ይሁን፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብትቆም የሚጎትትህ አታጣም። ደርሰህ ስትቆም በፍሬን ሳይሆን ማርሹን እየቀነስክ ቁም፤ ወዲያው ውረድና በአራቱም ታምቡር ላይ ጠብታ ውሃ ጣል። ሦስቱ ላይ ዝም ብሎ ከወረደና አንዱ ላይ ከተንሸጫሸጨ ያ ጎማ ፍሬኑን አልለቀቀም። ጎማውን በክሪክ አንሥተህ የአየር ማውጫ ብሎኑን ሩብ ዙር ፍታ። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው በነፃ ከዞረ ጥፋቱ ከቱቦው ወይም ከማስተሯ መመለሻ ቀዳዳ ነው፤ ካልዞረ ዊል ሲሊንደሩ ተጣብቋል ወይም የሸራው መመለሻ ሞላ ደክሟል።